ጧሪ አለኝ ያልኩበት ስብሰባ

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ባለቤቴ አረፈ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቤት ረግቼ ተቀምጬ አላውቅም። ትልቋ ልጄ ጂንካ ናት፤ ገበያ ዳር ሙዝና ጎመን ትሸጣለች። ወንዱ ሃና ወደምትባል ከተማ ወርዶ በቆሎ ያርሳል። ትንሿ ቀይ አፈር ከተማ ለሹፌሮች ምግብ ታበስላለች። እኔ በሦስቱ መካከል እዞራለሁ። ሰው "እግርሽ ቤት አያውቅም" ይለኛል። ያውቃል እንጂ፤ ሦስት ቤት ያውቃል።

ዙረቱ የራሱ ሥርዓት አለው። የአንዳቸው ጓዳ ሲሳሳ፣ ማንም ሳይነግረኝ እነሳለሁ። "እማ፣ ምነው ትንሽ ብትቆዪ" ይሉኛል። "ያኛው ናፈቀኝ" እላለሁ። ለምን እንደምሄድ ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም። ባዶ እጄንም አልሄድም። ከጂንካ የጎደሬ ዘር፣ ከቀይ አፈር የሽፈራው ቅጠል እይዛለሁ። ከደረስኩም ተጎልቼ አልውልም፤ ጓሮ እኮተኩታለሁ፣ በቆሎ እፈለፍላለሁ፣ አራስ ካለች አጠገቧ እሰነብታለሁ።

አሁን አሁን ግን ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ደም ግፊት አለብሽ ተባልኩ። ክኒኑ በየቀኑ የሚዋጥ ነው። ልጆቼ ሲያገኙ ይገዙልኛል፤ ሳያገኙ ሲቀሩ፣ ገና አለኝ እላቸዋለሁ።

በዚህ መሀል፣ ጂንካ ትልቋ ልጄ ጋ ሳለሁ ነው ቀበሌው ለአረጋውያን ነፃ ሕክምናና ድጎማ ሊጀመር ነው ብሎ ያስነገረው። ጉዳዩን የያዘው ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። "ወደፊት አረጋዊ እየበዛ ስለሚሄድ ከአሁኑ ሲስተም እየዘረጋን ነው" አለን። ጎረቤቴ ሲስተም ምንድን ነው ብላ ጠየቀችው። ትንሽ አሰበና "አያያዝ ማለት ነው፣ እማማ" አላት። ደስ አለኝ። አያያዝ ደህና ቃል ነው።

ማን ችግረኛ እንደሆነ ለማየት ኮሚቴው ቤት ለቤት ዞረ። ወደ እኛ መምጣታቸውን ስትሰማ ትልቋ ልጄ እንቁላል የምትጥለውን ብቸኛ ዶሯችንን አረደች። ከጎረቤት የሶፋ ልብስ ተውሳ አግዳሚውን አለበሰችው። እንግዳ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ምን ታድርግ? ሰዎቹ እየመረቁ በሉ። ሲወጡ አንዱ ለሌላው "እኚህን እናት ደህና አድርገው ይዘዋቸዋል" ሲል ሰማሁት። ልጄ ድስቱን እያጠበች ሳለ ነገሩ ገባትና እጇን ውኃ ውስጥ እንደነከረች ቀረች።

"እማ፣ ዶሮዋ እኛን በላችን።"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጎረቤቴ ግን አልሳቀችም።

"ጅሎች ናችሁ" አለች። "እኔ ሲመጡ ልጄን ከብት አጠጣ ብዬ ሰደድኩትና ባዶ ምድጃ አጠገብ ተኮራምቼ ጠበቅኳቸው።"

"ልጅሽ እኮ ጢሙን ያበቀለ ጎረምሳ ነው።"

"ለዚያ ነዋ የደበቅኩት።"

የመጨረሻው ውሳኔ በሕዝብ ፊት ነው ተባለና በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ፊደል የለየሁት በስተርጅና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ዛፉ ላይ የተለጠፈውን ራሴ አነበብኩት። ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው፣ ይላል። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር ጎረቤቴ አስቀድማ ተመካክራ ኖሯል፤ ስሜ ሲጠራ ሁሉም ጧሪ የላትም ብለው ሊመሰክሩልኝ።

ስሜ ተጠራ። ወጣቱ በለሆሳስ "እማማ፣ ጧሪ ቀባሪ የለዎትም፣ አይደል?" አለኝ። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው፤ አዎ ብል ያበቃ ነበር። "ለእኚህ እናት የሚመሰክር እጁን ያውጣ" ሲል እጆች ወጡ። ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላ፣ የሙዝ ቅርጫቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ልጄም እጇን አውጥታለች። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው።

"እጃችሁን አውርዱ" አልኩ።

ወጣቱ ግራ ገባው።

"ጧሪ አለኝ፣ ልጄ። ሦስት አሉኝ። ያቺ ከኋላ እጇን ያወጣችው አንዷ ናት።"

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"እንግዲያው መስፈርቱን አያሟሉም፣ እማማ።"

"መስፈርቱን ማን ጻፈው?"

"ከላይ ነው የመጣው።"

"ከላይ ያለው ሰውዬ እናት የለውም?"

"እማማ፣ እባክዎ…"

"አልቆጣህም፤ ስማኝ ብቻ። ልጆቼ ያላቸውን ይሰጡኛል። የሌላቸውን ከየት ያምጡት? ክኒን ጓሮ አይበቅልም። ለመታከም ብዬ በቁማቸው ልጆቼን አልቀብርም። ሁለቱንም ጻፍ። ልጆች አሏት፣ አቅም የላትም በል።"

"ሁለቱን የሚይዝ ቦታ የለውም።"

"ቦታ አብጅለታ። ገና እየዘረጋነው ነው ያልከው አንተ አይደለህም?"

እስክሪብቶውን ከደነ። ከዚያ "በአስተያየት መልክ እናቀርበዋለን" ብሎ ወደ ቀጣዩ አለፈ። ቀጣይዋ ጎረቤቴ ነበረች። ተነሳች፣ እኔን ገላመጠችኝ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ "እኔም አንድ አለኝ" አለች። "ከብት ሊያጠጣ ሄዷል።" የሷም ስም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን ሳትቀበል ሰነበተች። ስትታረቀኝም "የኔን ድጎማ ያስቀረሽ አንቺ ነሽ፣ ጎመን አምጪ" ብላ ነው የገባችው። አመጣሁላት።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ጥቂት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች።

"ለክኒኑ ብዬ እኮ ነው፣ እማ።"

"አውቃለሁ።"

"ሰው ፊት አዋረድሽኝ።"

"ሰው ፊት ልጄ ናት ነው ያልኩት።"

ትንሽ ከሄድን በኋላ ጠበቀችኝና ቅርጫቱን ወደ ሌላው እጇ አዛውራ ክንዴን ያዘችኝ፤ ቁልቁለቱን እንደዚያው ወረድነው።

ክኒኑን አሁንም ያለሁበት ቤት ነው የሚገዛልኝ። የሚጎድልበት ሳምንት አለ፤ የለም ብዬ አልዋሽም። በዓመቱ ስብሰባው ሲጠራ ሃና ከተማ፣ ወንዱ ልጄ ጋ ነበርኩ። "በዚህ ጉልበት፣ እምቢ ለሚሉሽ ሰዎች?" አለኝ። እምቢ የሚሉኝ ፊቴን እያዩ ይበሉኝ አልኩና በአይሱዙ ጋቢና መጣሁ።

ወጣቱ ገና ከሩቅ አየኝ።

"እማማ፣ መስፈርቱ እኮ አልተቀየረም።"

"ልጆቼም አልሞቱም" አልኩት።

ጎረቤቴ ከፊት አግዳሚ ላይ ጠጋ አለችልኝ። አጠገቧ የማላውቃቸው ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፤ እነሱም ልጆች አሉን ሊሉ ነው የመጡት አለችኝ በጆሮዬ። ስሜ ሲጠራ ትከሻዋን ተደግፌ መነሳት ጀመርኩ። ጉልበቴ ቶሎ አያስነሳኝም፤ ጠበቁኝ።