የመዓሊም ሮብሌ ግማሽ ሰዓት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጣርቶ ተጣርቶ መጨረሻ ላይ ምን ይቀረዋል? በወጣትነቴ ይህን ጥያቄ ይዤ ከብዙ መጻሕፍት ጋር ተከራክሬአለሁ። አሁን ሳረጅ ጥያቄው በመጣ ቁጥር የሚታየኝ መዓሊም ሮብሌ ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት። ሂሳብ አስተማሪ ነበርኩና አስልቼዋለሁ፤ ተቀጣጥሎ ስምንት ወር እንኳ አይሞላም። ከስድሳ ምናምን ዓመቱ የራሱ የነበረው ያ ብቻ ይመስለኛል። የቀረውን ተማሪዎቹ፣ ዘመዶቹና የውሃ ወረፋ ወስደውበታል።

በሶማሌ ምድር፣ በቦረማ ከተማ አብረን ነው ያስተማርነው፤ እሱ እንግሊዝኛ፣ እኔ ሂሳብ። መምህር ለማለት «መዓሊም» እንላለን። ከሰዓት በኋላ ሶላት ተሰግዶ እንዳበቃ ኢባዶ ሻይ የምትሸጥበት ግራር ሥር ይመጣል፣ በርጩማውን ከግራሩ አጠገብ ወዳለው ግንብ ያዞራል፣ የእንግሊዝኛ ግጥም መድበሉን ይከፍታል፤ በቃ። በቀን አንድ ግጥም። ከንፈሩ አይንቀሳቀስም፣ ራሱን አይነቀንቅም። ጦርነቱ አባሮን ድንኳን ውስጥ ስንኖር እንኳ ሰዓቱን አላጎደለም። የነበሩት አራት መድበሎች ናቸው። አራተኛውን ሲጨርስ ወደ አንደኛው ይመለሳል፤ ባነበበ ቁጥር ከግጥሙ ጎን በእርሳስ አንዲት ነጥብ ያሳርፋል። አብልጦ የሚወደው መድበል ሽፋን የለውም። የገጣሚዎቹ ስም የተዘረዘረበትን የመጨረሻ ገጽ ደግሞ በድንኳኑ ዘመን ፍየል በልቶታል።

ይህ ሌላ አገር ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። እኛ ዘንድ ግን ግጥም ሥራ አለው። ሰው በግጥም ሚስት ይጠይቃል፣ በግጥም ይጣላል፣ በግጥም ይታረቃል፤ የዘገየ የውሃ ቦቴ እንኳ ይገጠምበታል። ግጥም ሲነገር የገጠመው ሰው ስም ከነአባቱ ይጠራል፣ በማን ላይ እንደተገጠመ ይታወቃል፣ የተነካው ወገንም መልስ ይሰጣል። አፉን ገጥሞ ግጥም የሚያነብ ሰው ስለዚህ ያሳስባል። መልስ ያጣላት የሴት ደብዳቤ ነው የሚሉ ነበሩ። የሐኪም ትእዛዝ ነው የሚሉም ነበሩ። «አፈ ዝግ» ብለው ስም አወጡለት፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል።

በሠላሳ አንደኛው ዓመት ጥያቄውን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ክፋት አልነበረኝም፤ ሻዬ ትኩስ ነበርና እስኪበርድ ብዬ ነው።

«መዓሊም፣ ዛሬ ምን ይላል?»

ቀና ብሎ አየኝ። ይህን ያህል ዘመን አንድም ሰው ጠይቆት ስለማያውቅ እንደ ሙሽራ አፈረ።

«ስለ ጎረቤት ፈረስ ነው» አለ። «ያረጀ ፈረስ። ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ከአጥሩ ወዲያ ያስላል። ሰውየው ዐሥር ዓመት በሳሉ ሲናደድ ኖሯል። አንድ ጎህ ፈረሱ ሳያስል ቀረ። ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ እንዴት እንደሚነሳ ጠፋው። ያለቀው እዚህ ላይ ነው።»

ኢባዶ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ቆመች። «የማን ፈረስ ነው?»

«የማንም። እንግሊዝ አገር ነው።»

«ገጣሚውስ? የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም። ስሙን ፍየል በልቶታል።»

«እንግዲያው ገጣሚው አንተ ነህ» አለች፣ የሱን ብርጭቆ እየሞላች። «ፍየሏ መጥታ የኔ ነው ካላለች በቀር።»

ሳቅን። እኔም ስቄአለሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሱ በሰው አፍ ግመል ሆነ። ባረጀ ፈረስ ላይ ማን ይገጥማል ብለው ነው። በማግስቱ ግመሏ ሴት ሆነች፣ ቀለም ወጣላት። የጣውላ ነጋዴው ሃሺ ጆሮ ስትደርስ ደግሞ ማክሰኞ ዕለት የሞተችበት አሮጊት ግመሉን ሆና ነበር፤ ያቺ ከሮብሌ ቤት አጥር ወዲያ ታስራ ለሁለት ዓመት ስትስል የኖረችው። ሃሺ ደጁ ላይ ተቀምጦ ገና ሐዘንተኛ ይቀበላል። ሰዎች ከጣውላ ይልቅ ለግመል የሚያለቅስ ነጋዴ ይወዳሉና ለቅሶው ደምቋል። የደረሰው ወሬ «ሮብሌ የሃሺ ግመል ሞታ ከሳሏ ስላረፍኩ እንቅልፍ ጥሎኝ አልጋዬ ላይ ቀረሁ ብሎ ገጠመ» የሚል ነው።

ሃሺ አልጮኸም። ዱዓሌ የሚባለውን ስመ ጥር ገጣሚ አስጠራና መልስ አስገጠመ፤ ሰማንያ ስንኝ፣ በየስንኙ አንድ ፊደል እየተመላለሰ የሚመታበት። ምላሱን መጽሐፍ ውስጥ ቀብሮ ስለሚኖር ሰው ነበር። በሞባይል ተቀርጾ ሐሙስ ዕለት የታክሲ ነጂው ሁሉ በቃሉ ይለው ጀመር። እውነቱን ልናገርና ግጥሙ ግሩም ነበር።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው ሐጂ ቡላሌ ናቸው፤ ከእሳቸው ፊት ዋሽቶ የሄደ ሰው የለም።

«መዓሊም፣ ባለ ግጥሙ እንግሊዛዊ ሞቷል ነው የምትለን?»

«ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት ሳይሆነው አይቀርም፣ ሐጂ።»

«ይሁን። ሰው ይሞታል፣ ግጥሙ ግን በወገኑ እጅ ነው። እዚህ ከተማ ወገን አለው?»

«ከየት ይመጣለታል?»

«ይቺን ግጥም ስንት ጊዜ አነበብክ?»

ሮብሌ መዋሸት አይችልም። መጽሐፉን ከፍቶ ነጥቦቹን ቆጠረ። «ሃያ ስምንት ጊዜ።»

«ሰማችሁ?» አለ ሃሺ። «ሃያ ስምንት ጊዜ ቤቱ ሄዷል። እኔ የገዛ ወንድሜን በዓመት ሁለቴ አላየውም። ከዚህ የበለጠ ዘመድ ያለው ሰው ካለ እጁን ያውጣ።»

እጁን ያወጣ አልነበረም። እኔ አንድ ነገር ማለት ይገባኝ ነበር። በትምህርት ቤት ስለ ማስረጃ ብዙ አስተምሬአለሁ፤ ያን ቀን ግን የሃሺ አመክንዮ ቀዳዳ አልታይህ አለኝ።

ተፈረደ። ሮብሌ የሟቹ እንግሊዛዊ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በመጪው ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ ሶላት ሲያበቃ፣ ለዱዓሌ ግጥም በአደባባይ መልስ ይሰጣል። ካልሰጠ መጽሐፉ ለሃሺ ይተላለፋል።

ረቡዕ ዕለት ቤቴ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። «አንድ ስንኝ ስጠኝ» አለኝ። «መጀመሪያዋን ብቻ።»

«እኔ የማውቀው ሂሳብ ነው።»

«እኔም ማንበብ ነው የማውቀው። ስድሳ ዓመቴ ነው፣ አንድ መስመር ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹን ሦስቱን ውሰዱ ብላቸውስ?»

«የተፈረደው በዚያኛው ነው።»

«አውቃለሁ» አለ፤ ተነሥቶም ሄደ።

ዓርብ ሦስት መቶ ሰው ግራሩ ሥር ሞላ። ሮብሌ መጣ። መሐል ላይ ቆመ። ሁሉንም አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ፣ መጽሐፉን ከፍቶ በልቡ ማንበብ ጀመረ።

መልስ እየሰጠ እንዳልነበር በኋላ ነግሮኛል። የተቀጠረበት ሰዓት የንባቡ ሰዓት ሆኖበት ነው። ነገ መጽሐፉ ከሌለ ዛሬን ለምን ላጉድል ብሎ ነው።

ሰዉ ጠበቀ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ሲያጉረመርም ጎረቤቱ በክርኑ ጎሸመውና «እየሰማን ነው» አለው። ሐጂ ቡላሌ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ገጽ ሲገለበጥ በሕዝቡ ላይ አንዳች ነገር አለፈ፣ ነፋስ ሣር ላይ እንደሚያልፍ። ዱዓሌ ግንባሩን ጠረገ። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ሮብሌ በእርሳሱ ነጥቡን አሳርፎ መጽሐፉን ዘጋ።

«አበቃሁ» አለ።

ሐጂ ወደ ዱዓሌ ዞሩ። «ትመልሳለህ?»

«ለተናገረ ሰው እመልሳለሁ» አለ ዱዓሌ። «ለዚህ የሚሆን የለኝም። እንዲህ የከበደ ግጥም ቆሜ ሰምቼ አላውቅም።»

ሃሺ ሰዉን እየከፈለ መጣ። የሚመታው መስሎን ነበር። ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚጠይቅ ጠየቀው። «እሷን አነሳሃት? ግመሌን?»

ሮብሌ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ያዘ። እሱ እንደማይዋሽ ነግሬአችኋለሁ።

«ሳሏን የናፈቀ ሰው አለ» አለው። «እኔም ካቆመች ወዲህ ጎህ መቅደዱን በምን እንደማውቅ ጠፍቶኛል።»

ሃሺ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። ታረቁ። መጽሐፉም ለሮብሌ ቀረለት።

ሁሉም እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም አልጽፈውም ነበር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ግራሩ ሥር ዐርባ ሰው ተቀምጦ ጠበቀው። ሃሺ ከፊት ነበር። ኢባዶ ደርዘን በርጩማ ጨመረች። ገጽ ሲገለብጥ «ማሻአላህ» ይላሉ፣ ቅንድቡ ከተነሣ ይተያያሉ፣ ሲጨርስ በማን ላይ እንደነበር ይከራከራሉ። ባሏ ጅቡቲ ሄዶ የቀረባት ሴት እየመጣች «መዓሊም፣ ዛሬ አንዷን በእሱ ላይ አንብብልኝ፣ ጠንከር ያለችውን» ትለዋለች። ወደ ግንቡ ቢዞር ግንቡ ላይ ወጥተው ያዩታል። ቤቱ ቢገባ ቤቱ ይመጣሉ፣ እንግዳ ደግሞ አይመለስም። አንድ ጊዜ የትምህርት ቤቱ ጠመኔ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተደብቆ ሲያነብ ሦስት ሽማግሌ በቁልፉ ቀዳዳ ሊያዩት ተሰልፈው አየሁ።

«ዓይኔ መስመሩ ላይ ይሄዳል» አለኝ አንድ ቀን። «ግጥሙ ግን አይገባም። ለነሱ የማነብ እየመሰለኝ ከንፈሬ መንቀሳቀስ ጀምሯል።» ነጥብ ማሳረፍም ትቶ ነበር። እንዲህ ስድስት ዓመት ሄደ። እነዚያን በሂሳቤ ውስጥ አላስገባኋቸውም።

አምና፣ ከመሞቱ አራት ወር በፊት፣ በወጉ ሽማግሌ አስቀመጠ። በከዘራ ተደግፎ ቆመ።

«ግማሽ ሰዓት መልሱልኝ» አለ። «ብቻዬን። ማንም ሳያየኝ፣ ማንም ምን አለ ሳይል።»

ሦስት ቀን ተመከረበት። ሐጂ ቡላሌ ፍርዱን ሲሰጡ ድምፃቸው በአክብሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። ጥያቄው በሙሉ ተቀባይነት አግኝቷል። መዓሊም ሮብሌን ማንም እንዳያውከው ዐርባ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ዙሪያውን ይቀመጣል፣ አለቃቸውም ሃሺ ይሆናል። እኔም ከዐርባዎቹ አንዱ ሆኜ ተመደብኩ፤ ክብር ነውና እሺ አልኩ።

«ሐጂ፣ እነሱም ይቅሩልኝ» አለ ሮብሌ።

«ይህማ እንዴት ይሆናል፣ ልጄ? ብቻህን እንደነበርክ ማን ይመሰክርልሃል?»

ዐርባችንም በርጩማችንን እያነሣን ነበር።

«ማንም አይመስክርልኝ» አለ። «የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው።»