አባቴ ጥምጣማቸውን ያወረዱ ጊዜ

እናቴን የወሰዳት ንዳድ ነው። መስከረም ጠብቶ የሮቢ ወንዝ ሲጎድልና ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ በእኛ ቆላ በሽተኛ የሌለበት ቤት አይገኝም ነበር። ሦስት ቀን ተንቀጠቀጠችና በአራተኛው ቀን ጧት አረፈች። ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወንድምም እህትም የለኝም።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቀወት ገጠር ውስጥ ጉብታ ላይ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከሽማግሌው አለቃ ጋር እየተራዱ ይቀድሱ ነበር። ቄስ ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ አያገባም። ከሴት ከደረሰ ክህነቱ ይፈርሳል፤ መቅደስ መግባት፣ ማቁረብ፣ መስቀል ማሳለም ከዚያ ወዲያ የለም። ይህን በአገራችን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ዘመድ ሁሉ “ይመንኩሱ” ቢላቸው፣ “ይቺን ልጅ ድሬ ነው የምመነኩሰው” እያሉ ቆዩ። እኔም ከጣርማ በር በላይ፣ ከደጋ ለመጣ አንድ ዲያቆን ታጨሁ። እሱም ከእኔ ጋር ቆርቦ ሊቀስስ ነው። የቄስ ልጅ የቄስ ሚስት ልሆን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ጥጥ ማሳው ዳር፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ትኖር ነበር። ጭምት ሴት ናት። አባቴ የንስሐ አባቷ ነበሩ፤ ጠበል ሊረጩላት፣ ሲያማትም ሊጸልዩላት ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን በቀትር ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመለስ፣ አባቴ ከቤቷ ግራና ቀኝ ተመልክተው ሲወጡ አየኋቸው። ከማንም ቤት እንደዚያ ወጥተው አያውቁም። እንስራዬን አዝዬ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቆምኩና እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ምን እንዳየሁ ገብቶኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ አባቴን ሳያቸው ሰው የሚያባርራቸው ይመስሉ ነበር። ቀድሰው ሲመጡ ምግብ አይቀምሱም። ሰው መስቀል ሊሳለም ሲጠጋቸው ዓይናቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ጀመር። ሰዉ “የሚስታቸው ሐዘን ነው” ይላል። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ክረምት ገብቶ፣ ሠርጌ ለጥር ተቆርጦ ሳለ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

“አንቺ ታውቂያለሽ፤ ዓይንሽን አይቼ አውቄያለሁ” አሉኝ።

“አውቃለሁ አባባ።”

“ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ። ከእሁድ ጀምሮ መቅደስ አልገባም።”

የመጣልኝን ተናገርኩ። “ጥር እስኪያልፍ ይቆዩልኝ። ከሠርጌ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ። አምስት ወር ምንድን ነው?”

“ልጄ፣ ኃጢአት ጌታ ነው” አሉ። “ሲጠራሽ ትሄጃለሽ። እኔ እየሄድኩለት እየተመለስኩ እቀድሳለሁ። ለእሱም ለእግዚአብሔርም ስገዛ ኖርኩ፤ አሁን ግን አልቻልኩም። አንድ እሁድ እንኳ ብጨምር የምመለስ አይመስለኝም።”

“ስለ እኔስ?” አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።

የንስሐ አባታቸው ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ነገሩን በዝምታ እንዲተውት፣ ለሕዝብ መናገር እንደማያስፈልግ ነግረዋቸው ነበር። አባቴም ዝም ብለው ከቅዳሴው ቀሩ። ሰው ግን ዝም አይልም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ “አለቃው ገፍተው አስወጧቸው” ተባለ። አለቃው ከራሳቸው ከአባቴ ሰምተው እውነቱን ያውቃሉ፤ የሰው ምስጢር ነውና አፋቸውን ይዘው ስድቡን ተቀበሉ። እሳቸው ሲያልፉ ጎረምሶች ፊታቸውን እስከማዞር ደረሱ። ይህም አባቴ ጆሮ ደረሰ።

በወርኃዊው በዓል፣ ቅዳሴ አልቆ ሰው ከዋርካው ሥር ሲሰበሰብ፣ አባቴ ከበሩ አጠገብ ቆሙ። ጥምጣማቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘውታል። ራሳቸውን ገልጠው በሰው ፊት ሲቆሙ ሳይ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

“ስሙኝ” አሉ። “አለቃው አልበደሉኝም። ቅዳሴ የተውኩት ክህነቴ ስለ ፈረሰ ነው፤ ያፈረስኩትም እኔው ነኝ። ከሴት ደርሻለሁ። ደርሼም ሳለሁ መቅደስ ገብቼ አቁርቤያችኋለሁ። ይቅር በሉኝ።”

አንድ ሰው ከኋላ “ማናት?” ብሎ ጠየቀ።

“የራሴን ኃጢአት ነው የምናገረው” አሉ አባቴ። “የሌላውን አላውቅም።”

አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ወደ ፊት ወጣችና “እኔን ያቆረቡኝ፣ ልጄንም ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ እንዴት ልሆን ነው?” ስትል፣ አለቃው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። “ጥምቀቱም ቁርባኑም የእግዚአብሔር ነው እንጂ የእሳቸው አይደለም፤ ልጅሽን ይዘሽ በሰላም ግቢ” አሏት። ከዚያ አባቴን ሊያነሷቸው ሄዱ፤ አባቴ መሬት ላይ ተደፍተው ነበርና።

በዚያው ሳምንት ያቺ ሴት ቤቷን ዘግታ ወደ ካራቆሬ ወገን ሄደች። በአሥራ አምስተኛው ቀን ደግሞ የእጮኛዬ ሽማግሌዎች ከደጋ ወረዱ። በጨዋ ደንብ ተቀምጠው፣ በጨዋ ቃል “ልጃችን ለክህነት የታሰበ ነው፤ ክህነት ከፈረሰበት ቤት ብንወስድ ነገ ሰው ያነሣበታል” አሉ። አባቴ “እውነታችሁን ነው” ብለው ሸኟቸው። ልጁን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

ያን ቀን ማታ ዕቃዬን ስሸክፍ አባቴ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

“እርስዎ ነፃ ወጡ” አልኳቸው። “እኔን ግን አሰሩኝ።”

ይህን ብዬ በማግስቱ ማጀቴ ከተማ ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከሰው ሰምቼ ነው። አባቴ የተሰጣቸውን ቀኖና ጾመውና ሰግደው ሲጨርሱ ወደ አለቃው ሄደው “አገልግሎት ይስጡኝ” አሉ። አለቃው “ምን ልስጥዎት?” ቢሏቸው፣ “ሰው የማይፈልገውን” አሉ። ከዚያ ወዲህ ከወንዝ እስከ ጉብታው ውሃ የሚያመላልሱ፣ ቅጥሩን የሚጠርጉ፣ መቃብር የሚቆፍሩ እሳቸው ሆኑ። በገበያ ትናንት መስቀላቸውን ይሳለም የነበረው ሰው “አቶ” እያለ ይጠራቸው ጀመር።

“መምሬ” ማለት ያልተዉ ጎረቤታችን ሸህ ብቻ ናቸው። ጨውና ጨርቅ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው። አባቴ “አሁን መምሬ አይደለሁም” ቢሏቸው፣ “አላህ የሸፈነልዎትን ምነው ገለጡት?” አሉ አሉ።

“እሱ አልሸፈነውም ሸህ፤ የሸፈንኩት እኔ ነበርኩ። ከገለጥኩት ወዲህ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።”

አንድ ጊዜ አባቴ ማጀቴ ድረስ በእግራቸው መጡ። ሁለት ቀን ተጉዘዋል። ለቀሚስ እንዲሆነኝ ያስፈተሉትን ጥጥ ተሸክመው ነበር። እኔ ጓዳ ገባሁና አልወጣም አልኩ። በግድግዳው ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ ከአክስቴ ጋር ተቀምጠው ስለ ዝናብ፣ ስለ ማሽላው ያወራሉ። እግራቸው አብጧል። አክስቴ “ልጅዎን ልጥራት?” ስትላቸው “ተያት፤ ድምፄን ከሰማች ይበቃል” አሏት። ጥጡን አስቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ጥጡን ለጎረቤት ሰጠሁት።

ሁለት ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መኸር ላይ ንዳዱ ከወትሮው ከበደ። ሸህ ለንግድ ማጀቴ ሲመጡ አክስቴ ቤት ጎራ አሉና ጠሩኝ።

“አባትሽ ተኝተዋል” አሉኝ። “ዘንድሮ ስንቱን ቀበሩ መሰለሽ። የሚቆፍር ሰው ሲጠፋ የእኛንም ወገን ቆፍረው ቀብረዋል። አሁን እሳቸውን ያዛቸው። እንድትመጪ አልላኩኝም፤ ከራሴ ነው የምነግርሽ።”

ካራቆሬ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ሄጄ በቀትር ደረስኩ። አባቴ ቆዳ ላይ ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ። ከስተው ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል።

“መጣሽ?” አሉኝ።

“መጣሁ አባባ።”

“በድዬሻለሁ። አንቺን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ወደዚያች ሴት ቤት ከመሄዴ በፊት። ሕይወትሽን ያበላሸው መናገሬ አይደለም፤ መሄዴ ነው።”

“ይቅር ብያለሁ” አልኩ ቶሎ ብዬ።

ትኩር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። “እኔ በውሸት ስቀድስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የአፍ ብቻ የሆነ ቃል ድምፁን አውቀዋለሁ። ከልብሽ ሲደርስ ያኔ ትይዋለሽ። እኔ ባልኖርም ግድ የለም።”

ውሃ አጠጣኋቸውና ላባቸውን ጠረግሁ። ሳስበው የኖርኩትን ጠየቅኋቸው። “ክህነቱ ከፈረሰ በኋላ ለምን አላገቧትም? ያኔ የሚከለክልዎት አልነበረም።”

“ሄጄ ጠይቄያት ነበር። ካራቆሬ ድረስ ሄጄ። ‘የንስሐ አባቴ ነበሩ፤ ባሌ ሊሆኑ አይችሉም’ አለችኝ። እውነቷን ነው። ለእሷም አለቅሳለሁ።”

“ይጸጽትዎታል?”

“ስላደረግሁት ሁልጊዜ። ስለ ተናገርኩት ግን አይጸጽተኝም። መቅደስ ውስጥ ቆሜ ባሪያ ነበርኩ ልጄ። ውሃ ስሸከም ግን ሙሉ ልቤን ይዤ ነው የምወጣው። ያችን ጉብታ ስወጣ አንድም ቀን የፈራሁት ነገር አልነበረም።”

በማግስቱ ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አረፉ። ቀብር የሚያስፈጽመው ቅሬ ሲሰበሰብ “ማን ይቆፍር?” የሚለው ነገር አስቸገረ፤ ቆፋሪው እሳቸው ነበሩና። ጎልማሶቹ ግማሾቹ ታመው ተኝተዋል። በመጨረሻ ሁለት ክርስቲያኖችና የሸህ ሁለት ልጆች ቆፈሩ። ቄሶች የሚቀበሩት በመቅደሱ ጎን ነው፤ አባቴ ግን በአጥሩ ወገን፣ ከምእመኑ ጋር ተቀበሩ። ፍትሐቱም የምእመን ፍትሐት ነበር። አለቃው ሲደግሙ ድምፃቸው እየተቆረጠ ዲያቆኑ ያግዛቸው ነበር። እኔ አላለቀስኩም። ሴቶቹ “ደንግጣ ነው” አሉልኝ። ደንግጬ አልነበረም፤ ልቤ ገና አልተፈታም ነበር።

ወደ ማጀቴ ተመልሼ ከጊዜ በኋላ አንድ ገበሬ አገባሁ። ደግ ሰው ነበር። ልጆች ወለድኩ፤ እጾማለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን አልቀርም፤ ሰው “የቄስ ልጅ ናት፣ ያስታውቃል” ይለኛል። ይህን ሲሉኝ አባቴ መስቀል ሲያሳልሙ ወደ ሌላ የሚያዞሩት ዓይናቸው ትዝ ይለኝ ነበር። አንድ ዓቢይ ጾም ላይ ለመቁረብ ስዘጋጅ የንስሐ አባቴ “የተቀየምሽው ሰው አለ?” ብለው ጠየቁኝ። ወትሮ “የለም” ነበር የምለው። ያን ቀን “አለ፤ ግን ሞቷል” አልኩ። ነገሩን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። “ሦስት ወር ሙሉ እያወቅሁ ዝም ያልኩት፣ ዝም በሉ ያልኳቸውም እኔ ነኝ” ስል ነው ዕንባዬ የመጣው። የራሴን ጥፋት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቆጥሬው አላውቅም ነበር።

ፋሲካ ሳይደርስ ወደ አገሬ ወረድኩ። አለቃው ሞተዋል፤ የሚያውቀኝ ካህን የለም። መቃብሩ ላይ የተተከለው ድንጋይ ተንሸራቶ ስለነበር አቃናሁትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። “ይቅር ብያለሁ አባባ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ” አልኩ። ከልቤ ነበር። ሊሰሙ በሚችሉበት ጊዜ ያልኳቸው የአፍ ነበር፤ የልቡ ሲመጣ እሳቸው የሉም። ፀሐዩ እስኪበርድ እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ወደ ከተማ ወርጄ፣ ወደ ቤቴ ለመመለስ ወደ ካራቆሬ የሚሄድ መኪና ጠበቅሁ።