ሳይቀመስ የታሸገው ቀሪቦ

ሰው ቤቴ ይገባና አንዴ ጎንጨት ብሎ፣ ጣሳውን ቁልቁል አይቶ፣ "ጥሩ ነው፤ ግን የእናትሽ አይደለም" ይለኛል። ከሚሴ ውስጥ ይህን ያላለኝ ሰው የለም ብል ብዙ አላጋነንኩም። የባጃጅ ሹፌሩ ብሎኛል፤ ከመስጊድ የሚመለሱት ሽማግሌዎች ብለውኛል፤ እናቴን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ሳይቀር ብሎኛል። ድሮ እከራከር ነበር። አሁን ደክሞኛል። "አይደለም" ብዬ ጣሳውን እቀበላለሁ።

ቀሪቦ የገብስ መጠጥ ነው። ገብሱ እስኪጠቁር ይቆላል፣ ይፈላል፣ ይጠለላል፤ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድርና በማግስቱ ይጠጣል። መልኩ ጠላ ይመስላል። እንዳያሰክር የሚጠብቀው በጊዜው መጠጣቱና የጠማቂዋ ምላስ ነው። ጠንክሮ ካለፈ ይደፋል እንጂ ለሰው አይሰጥም። ሰዎቻችን ሙስሊሞች ናቸው፣ እኔም እንደነሱው፤ "ሀራም አጠጣችን" ከተባለች አንዲት ጠማቂ ደጇን ማን ይረግጣል? እናቴ ይህን ስለምታውቅ ከጋኑ ስትቀዳ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ፣ እንግዳው እያየ ትቀምስ ነበር። እሷ ሳትቀምስ ማንም ጣሳ አያነሳም። ማንም ደግሞ ቅመሺ ብሏት አያውቅም።

እርሾዋ ከጋኑ ግርጌ የሚቀረው ዝቃጭ ነበር። ከአንዱ ጥንስስ ወደ ሌላው እየተላለፈ ስንት ዘመን እንደኖረ እሷም አታውቅም፤ ከእናቷ ነው የወሰደችው። እሷ ከሞተች በኋላ እኔ አኖርኩት። በዚያ በክፉ ጊዜ፣ ተኩሱ ከተማችን ሲደርስ፣ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ በሩ ተገንጥሏል፣ ጋኑ ተሰንጥቋል፣ እርሾው ከግርጌው ደርቆ ተላጧል። ጎረቤቴ ለጠፉ በጎቹ ሲያለቅስ እኔ ለዝቃጭ አለቀስኩ። ስላፈርኩም ለማንም አልተናገርኩም። በለብታ ውሃ ባርሰው፣ በስኳር ባባብለው አልነሳ አለ።

ከዚያ ወዲህ የምጠምቀው በሱቅ እርሾ ነው፤ ዳቦ ጋጋሪዎቹ በሚጠቀሙበት፣ በፓኬት በሚሸጠው። ክፉ ነው አልልም። ዱቄት ነው፤ ውሃ ሲነካው ይነሳል፣ አያስለምንም። ግን ችኩል ነው። የእናቴ እርሾ ቀስ እያለ ሲሠራ ያድርና ጠዋት ላይ ትንሽ ኮምጠጥ፣ ትንሽ ጣፈጥ ያለ ነገር ይሰጥሽ ነበር። የፓኬቱ ሌሊቱን ሲጣደፍ ያድራል፤ ጠዋት ስትከፍቺው የዳቦ ቤት ሽታ አለው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠንክሮ ይጠብቅሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? እንደዚያው ነው። በጋን ፋንታ የገባው ጀሪካንም አላገዘኝም። ጋን በወይራ ይታጠናል፣ ይተነፍሳል። ጀሪካን ግን ብታጥኚው ይቀልጣል፣ ብታጥቢው የትናንቱን ሽታ አይለቅም። እርሾውን ቀነስኩ፣ ስኳሩን ለወጥኩ፣ ገብሱን ከጨፋ ሮቢት ገበያ እየመረጥኩ ገዛሁ። አዙሬ አዙሬ ያው "የእናትሽ አይደለም" ላይ እደርሳለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ጨፋ ሮቢት ነው የሚኖረው። ልጁን ሊድር ሲል ለኒካሁ ቀሪቦ እንድጠምቅ ጠየቀኝ። ከእኔ በቀር ማን ሊጠምቅላት? እሺ አልኩ። እሱ ግን በጀሪካን አልፈልግም አለ። አዳዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ ከደሴ አስመጥቶ ቤቴ ቆለለው።

"እታለም፣ የሙሽራው ቤተሰብ ከሰንበቴ ከተማ ነው የሚመጣ፤ ነጋዴዎች ናቸው፤ ብዙ አገር አይተዋል" አለኝ። "በጣሳ ከጀሪካን እየቀዳን እንዲስቁብን ነው? ለየሰዉ አንድ አንድ ጠርሙስ፣ እንደታሸገ።"

"ሳይቀመስ?"

"የታሸገ ነገር ማን ይቀምሳል? ክዳኑ አይበቃም?"

"ቀሪቦ እኮ ይተነፍሳል" አልኩት።

"አቦ እታለም፣ አብሽሪ። አንድ ቀን ትንፋሹን ቢይዝ አይሞትም።"

ሳቅሁ። ወንድሜ ሲያስቀኝ እሸነፋለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ከኒካሁ በፊት ባለው ቀን ጠርሙሶቹን ሞላን፣ እሱ ራሱ በጠንካራ እጁ ክዳኑን አጠበቀ። በማግስቱ ሚኒባስ አምጥቶ ጣሪያው ላይ ጫናቸው። የጨፋን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባሱ ግን ሰው ሲያወርድ ሰው ሲጭን፣ ደግሞ የከብት መንጋ መንገዱን ሲዘጋበት፣ ቀኑ ጋለ።

ስናወርዳቸው ጠርሙሶቹ አብጠዋል። ቂጣቸው ወደ ውጭ ስለወጣ አንዱም ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ጠረጴዛው ላይ ይንከባለላሉ። ወንድሜን አየሁት።

"ጋዝ ነው" አለኝ ፈጠን ብሎ። "ለስላሳስ ጋዝ አለው አይደል?"

ወጣቶቹ ወደዱት። ሲከፍቱት ቱሽ ይላል፣ አረፋው ይገነፍላል፣ ልብሳቸውን እያራገፉ ይሳሳቃሉ። እስካሁን ከንፈሩ ላይ ያደረሰ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ሳይጠጡ ማን ይጠጣል? ሽማግሌዎቹ ከዳሱ ራስጌ ተቀምጠዋል፤ መሃላቸው የሙሽራው አያት። በእድሜ የገፉ፣ ፂማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ወንድሜ በገዛ እጁ ከፍቶ፣ ብርጭቆ ላይ ቀድቶ ሰጣቸው። ወደ አፍንጫቸው ጠጋ አደረጉትና አልጠጡም። ከወንድሜ አሳልፈው በዓይናቸው እኔን ፈለጉ።

"ያ ኢንተላ፣ አንቺ ነሽ የጠመቅሽው?" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"እንግዲያ ቅመሺልኝ።"

ቁጣ የለበትም፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። መዳፌን ዘረጋሁ፣ ጠብ አደረጉልኝ። ወንድሜ ከአያትየው ኋላ ቆሞ ዓይኑን ዓይኔ ላይ ተክሏል፤ ምን እንደሚለኝ ለማወቅ አፉን መክፈት አላስፈለገውም። ልጁ ጓዳ ውስጥ ሙሽራ ሆና ተቀምጣለች። የእኔም እንጀራ ያው መዳፌ ላይ ነው። አልፏል ካልኩ ወንድሜን በአማቾቹ ፊት አዋርጄ ጠማቂነቴን ራሴ መቅበሬ ነው። ደህና ነው ካልኩ ይህ ሁሉ ሰው በኒካህ ቀን እኔን አምኖ ሊጠጣ ነው።

ቀመስኩ። ጉሮሮዬን አሞቀኝ፣ ከዚያም ደረቴን። ሁለተኛ መቅመስ አላስፈለገኝም።

"አልፏል አባባ" አልኩ። "አይጠጣም።"

ሽማግሌው ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አፈሰሱት። "ገለቶሚ" ብለው አመሰገኑኝና ውሃ ጠየቁ። ኒካሁ በውሃ ታሰረ። እኔ ከቤቱ ጀርባ ቦይ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ደፋሁ። እያንዳንዱ ሲከፈት ቱሽ ይል ነበር። ያንን ድምፅ እስከዛሬ እጠላዋለሁ።

ወንድሜ እስከ ረመዳን ድረስ አላናገረኝም። ልጁ በትዳሯ ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ፤ አማቾቿም ያንን ቀን አንስተውባት አያውቁም። የኔ ደጅ ግን ለብዙ ጊዜ ቀዘቀዘ። እውነት መናገሬን ሁሉም አመሰገነ፤ ቀሪቦ ግን ከሌላ ቤት ገዛ። ሰው እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት። እንዲያውም አረፍኩ፤ ወገቤም ገብስ ከመቁላት፣ ውሃ ከመሸከም ትንሽ እፎይ አለ። ኋላ ቀስ በቀስ መመለስ ጀመሩ። አሁን በትንሽ እንስራ ነው የምጠምቀው፤ ጋን ማንሳት አልችልም። እርሾው ያው የፓኬቱ ነው፤ ሌላ ከየት ላመጣ? ፕላስቲክ ግን ቤቴ አይገባም። ለሚመጣው ሁሉ እንደ እናቴ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምሳለሁ። ቀኑን ሙሉ የገብስ ጣዕም አፌ ውስጥ ስለሚውል ራቴን እንኳ አልለየውም።

ያ ረመዳን ገብቶ፣ ወንድሜ አንድ ቀን ለማፍጠር መጣ። እንኳን መጣህ አልኩት፤ በእውነትም ደስ ብሎኝ ነበር። አዛን ተባለ፣ በቴምር አፈጠርን። ከእንስራው ቀድቼ ጣሳውን አስቀመጥኩለት። ሲጠማው የዋለ ሰው ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል። ግን አላነሳውም። እጁን ጭኑ ላይ ሰብስቦ መዳፌን ያያል።

ሌላው ሰው ቢጠብቅ አይከፋኝም። እሱ ግን የእናቴ ልጅ ነው። ከፋኝ፤ አልዋሽም፣ በጣም ከፋኝ። ያችን ቀን በገዛ እጁ ክዳኑን ያጠበቀው እሱ ነበር ልል ቃሉ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ እያየኝ ቀመስኩ።

ያን ጊዜ ጣሳውን አነሳ፣ እስከ ግማሽ ጠጣው፣ ቁልቁል አየው።

"ጥሩ ነው" አለ። "ግን የእናታችን አይደለም።"

"አይደለም" አልኩትና ጨመርኩለት።