ለአማቴ ያልተነሣሁበት ክረምት

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም ሳይሆን ድምፅ ነው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ፣ ከገዛ ተረከዜ የወጣ። የአማቴን የአያ ፈንቴን ቤት ቆርቆሮ እየመታሁ ሳለ መሰላሉ ከዳኝና በእግሬ ቀጥ ብዬ መሬት ላይ አረፍሁ። በአምበር ከተማ ዙሪያ ስንቱን ቤት ቆርቆሮ ያለበስሁ ሰው በአማቴ ደጅ ልውደቅ? ይኸ ነው እስካሁን የሚያናድደኝ።

ጎረቤት ወጌሻ ይጠራ አለ። ባለቤቴ ውባለም ግን "እግሩን ማንም እንዳያሸው" ብላ ደብረ ማርቆስ ወደ ሐኪም ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከከፍታ የወደቀ ሰው ጀርባውም ይታያል ብሎ አከርካሪዬንም ራጅ አስነሣኝ። ጀርባዬ ደኅና ነበር። ለተረከዜ ሲቲ ስካን አዘዘ።

"ካልካኒየስ የሚባለው የተረከዝህ አጥንት ነው የተሰበረው። ስብራቱ መጋጠሚያው ውስጥ ገብቷል። ካልተስተካከለ ሜዳ ላይ ትሄድ ይሆናል፤ ቁልቁለትና መሰላል ግን ይቸግርሃል።"

መሰላል እንጀራዬ ነው። ፈራሁ።

እብጠቱ ሳይጎድል ቀዶ ጥገና አይሆንም ተባልሁ። እግሬን ከፍ አድርጌ ጠበቅሁ። ቆዳው መሸብሸብ ሲጀምር ተሠራልኝ፤ አጥንቱ በብረት ፕሌትና በብሎን ተያዘ። ሐኪሙ "እኔ እስክፈቅድ መሬት እንዳትረግጥበት" ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እሺ ብዬ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ አማቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ መነሣት ከጡት ጋር የጠባሁት ነው። "ኖር" ብዬ ብድግ አልሁ። በሁለት እግሬ።

ዓይኔ ጨለመ። ወደቅሁ።

ተመልሰን ሄድን። ሐኪሙ ራጁን አየ፣ እኔን አየ።

"ማን ተነሣ አለህ?"

"አማቴ ገብተው ነው።"

"አማትህ ይቅር ይሉሃል። መጋጠሚያው ግን ይቅር አይልህም።"

ብሎኖቹ ንቅንቅ አላሉም፤ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህ አያ ፈንቴ አዲስ ወግ አመጡ። ገና ከአጥር ውጭ ሆነው "እንዳትነሣ፣ ፈንቴ ነኝ!" እያሉ ይገባሉ። መንደሩም ከእሳቸው ተምሮ፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ እንዳትነሣ እያለ ይገባ ጀመር። ተቀምጬ ሽማግሌ መቀበሉ ከስብራቱ ይብስ አመመኝ፤ ውባለም ግን "አንተማ ነገሥህ" እያለች ትስቅብኛለች።

ክረምቱ ሲያልቅ ሐኪሙ ፈቀደልኝና፣ መጀመሪያ በምርኩዝ እግሬን መሬት በማስነካት ብቻ፣ ቀጥሎ ክብደቴን ጥቂት በጥቂት እየጨመርሁበት፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ ጠዋት ማታ ሳላስታጉል እየሠራሁ፣ ወጣ ገባውን የማሳ ዳር እንደገና ለመድሁት።

አንድ ቀን አያ ፈንቴ እንደ ልማዳቸው "እንዳትነሣ!" ብለው ገቡ። ተነሣሁ። ያለ ምርኩዝ፣ በሁለት እግሬ።

"ኖር፣ አያ።"

"በእግዜር" አሉ። ተቀመጥ አላሉኝም። "እስቲ ቁም፣ ልይህ" አሉኝ። ሁለታችንም አለቀስን።

ተረከዛችሁ የተሰበረ ወገኖቼ፣ አታሳሹት፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ነገሣችሁ ብለው ቢስቁባችሁም ለማንም አትነሡ፤ የመነሣቱ ቀን ይመጣል። እኔን ብርድ ሲሆን ተረከዜ ዛሬም ይነዘንዘኛል። ሐኪሞቼንና ውባለምን እግዜር ይስጥልኝ።

የጀመርሁትን ቆርቆሮ ጨርሼዋለሁ። መሰላሉን ከታች ይዘው የቆሙት አማቴ ናቸው።