እሾህ የሌለው አጋም

መጀመሪያ አፌ ምራቅ ሞላ። ከዚያ ምላሴ መረረ። ፀሐይ ነው አልኩ። ፀሐይ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ከጫካ የለቀሙትን ፍሬ ለበሉ ሰዎች ነው። አሁን ሆድህን ይዘህ የምታነብ ከሆነ ማንበቡን ተውና ሐኪም ቤት ሂድ። ስትመለስ ትጨርሰዋለህ።

ነቀምቴ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ። ከኪራሙ ተፈናቅዬ ከመጣሁ በኋላ ነው የተቀጠርኩት። ፊደል የቆጠርኩትም እዚሁ ነው፣ በአርባ አራት ዓመቴ። በዚያ ዕድሜ ማንበብ የጀመረ ሰው ያስቸግራል፤ የሱቁን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ጣቢያው የአገራችንን ዛፎች በቅጠል፣ በአበባና በፍሬ መለየት የሚያስተምር መጽሐፍ ሰጠኝ። በሳምንት አንድ ገጽ አነብ ነበር። ያነበብኩት ደግሞ አይጠፋኝም።

ያን ሳምንት የደረስኩት አጋም ላይ ነበር። ለአንድ ትምህርት ቤት አጥር የሚሆን የአጋም ዘር ልቀሙ ተባልንና እኔና አዴ ጫልቱ ከአኖ ከተማ በላይ ወዳለው ተረተር ወጣን። አዴ ጫልቱ፣ በአማርኛ ወይዘሮ ጫልቱ፣ የጣቢያው አንጋፋ ናት። ፊደል አትለይም፤ ቁጥቋጦ ግን ዓይኗን ጨፍና በእጇ ትለያለች። የአጋም ዘር የምናወጣው በአፋችን ነው። ሥጋውን መጥምጠን እንውጣለን፣ ዘሩን ከረጢት ውስጥ እንተፋለን። ምሳችንም ያው ነው።

ድንጋያማው ጥግ ላይ ፍሬው የተንዠረገገ ቁጥቋጦ አገኘሁ። ቅጠሉ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የበቀለ። ስቀጥፈው ነጭ ወተት አወጣ። አበባው ነጭ፣ ሽታው ደስ የሚል። ፍሬው ቀላ ብሏል፣ ገና አልጠቆረም። እኛም ወፍ እንዳይቀድመን ሁልጊዜ ሳይጠቁር ነው የምንለቅመው። ገጹ ያለው ሁሉ ተሟልቷል።

አዴ ጫልቱ ከማዶ አየችኝ።

"አንተ ይመር! እሾሁ የታለ?"

"አርጅቶ ረግፎበታል።"

"አጋም እንደ አንተ ነው፤ ሲያረጅ እሾሁ ይብስበታል እንጂ!"

"መጽሐፉ ስለ እሾህ ምንም አላለም።"

"እዚህ የሚሰማሩት ፍየሎችስ ለምን አልፈውት ሄዱ?"

"ፍየል ማንበብ ትችላለች?" አልኩና አፌን ሞላሁ። አምስት ይሁን ስድስት ፍሬ።

ብዙም አልቆየሁ። አስታወከኝ። እንደገና አስታወከኝ። መሬት ላይ ተዘረርኩ። አዴ ጫልቱ ወደ መንገዱ ጎተተችኝ። አኖ ላይ ወተት ሊግቱኝ የተሰበሰቡትን በጩኸት በተነቻቸው። ሚኒባስ ውስጥ ወረወረችኝ። ሰማዩ ቢጫ ሆነ። ልቤ ትመታለች። ትቆማለች። እጠብቃለሁ። ትመታለች።

ሆስፒታል ስንገባ አንዲት ወጣት ዶክተር ደረቴ ላይ ገመድ ለጣጠፈችብኝ። ኢሲጂ ይባላል፤ የልብን ምት ወረቀት ላይ ይጽፋል። የኔ በደቂቃ ሠላሳ ስምንት ነበር።

"ምን በሉ?"

"አጋም።"

"አጋም ልብን እንዲህ አያደርግም። እርግጠኛ ነዎት?"

"አንብቤያለሁ።"

"ጋሼ፣ የበሉትን በትክክል ካላወቅሁ በትክክል ላክምዎ አልችልም።"

"አጋም ነው አልኩሽ እኮ!"

ሞት አጠገቤ ቆሞ እኔ ስለ ንባቤ እከራከር ነበር።

አዴ ጫልቱ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። እኔ ሳስታውክ እሷ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ፣ ከነፍሬው ቆርጣ ቋጥራ ኖሯል።

"እሱን ተዪው ልጄ። ይሄ ቀራሩ ነው። ድሮ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት።"

ቀራሩ በአማርኛ መረንዝ ነው። ዶክተሯ ቅርንጫፉን ፎቶ አንስታ ለሌላ ሐኪም ደወለች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

"የልብ መርዝ ነው። ዘሩንም ውጠዋል?"

"ተፍቶታል" አለች አዴ ጫልቱ። "የሥራ ልማድ ነው።"

"እንግዲህ ልማዱ ጠቅሞዎታል።"

ልብ የሚያፈጥን አትሮፒን ወጉኝ። ከሰል አጠጡኝ። የምድጃ ከሰል አይደለም፣ የመድኃኒት ነው፤ ግን ጭቃ ጭቃ ይላል። አርባ ሁለት። አርባ ስድስት። ሃምሳ። አዴ ጫልቱ ቁጥር ታውቃለች፤ ከማሽኑ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ስድሳ ሲል "ኤቹ!" ብላ አጨበጨበች፤ ነርሷ ተቆጣቻት።

ሦስት ቀን ተኛሁ፤ በሁለተኛው ቀን ቢጫው ከዓይኔ ላይ ለቀቀና ግድግዳው ነጭ፣ አንሶላው ሰማያዊ መሆኑን ሳይ፣ ከዚያ በፊት ግድግዳ አይቼ ደስ ብሎኝ የማላውቀው ሰውዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በሦስተኛው ቀን አዴ ጫልቱ መጽሐፌን ይዛ መጣችና ሊገድለኝ የነበረውን ገጽ ለክፍሉ ሰው ሁሉ እንዳነብ አዘዘችኝ። እኔም ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ወተቱ፣ ስለ አበባው እያልኩ እስከ ገጹ መጨረሻ አነበብኩ። ጣቷን በምራቋ አርሳ ገጹን ገለጠችው።

"እዚህስ ምን ይላል?"

አላውቅም ነበር። ያ ገጽ ለሚቀጥለው ሳምንት ያስቀመጥኩት ነበር። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩት፦ አጋም ሹል እሾህ አለው፤ እሾህ ከሌለው መረንዝ ሊሆን ስለሚችል ፍሬው አይቀመስ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጎኑን የተሰፋው ጎረቤቴ "አታስቁኝ፣ ስፌቴ!" እያለ ይስቃል። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅኩ። ዶክተሯ የመውጫ ወረቀቴን እየጻፈች "በሳምንት ሁለት ገጽ ያንብቡ። ይህ የሐኪም ትዕዛዝ ነው" አለችኝ።

ከሕመሙ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የተፋሁት ዘር የልጆች ትምህርት ቤት አጥር ሊሆን ነበር። አዴ ጫልቱ ከረጢቱን ጉድጓድ ቆፍራ ቀብራዋለች።

እንግዲህ የምመክረው፦ ተክል በቅጠሉ ብቻ አይታወቅም። አበባውን እዩ፣ ፍሬውን እዩ፣ ግንዱን ዳስሱ፣ ፍየሏንም ተመልከቱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትቅመሱ። ከበላችሁ ወተት ስትጠጡ ጊዜ አትፍጁ፤ ቅርንጫፉን ይዛችሁ ሩጡ። ሐኪም ሲጠይቃችሁ አትኩሩ። "አላውቅም" ማለት አይገድልም። እኔን ሊገድለኝ የነበረው "አውቃለሁ" ነው።

ሐኪሟን እግዜር ይስጣት። ለአዴ ጫልቱ ደግሞ በቋንቋዋ፦ ገለቶማ። አሁን ለዘር ስንወጣ፣ ፍሬ ከመንካቴ በፊት አውራ ጣቴን ይዛ ቁጥቋጦው ላይ ትጫነዋለች። "ካልደማህ አጋም አይደለም" ትላለች። ጣቴ ወንፊት ሆኗል። በደማሁ ቁጥር ምሳዬን እበላለሁ።