የራሴን ሕመም ለባሌ ነገሩት

አሰብ ውስጥ ራሱን የማያመው ሰው አልነበረም። ከደጋ የሄድን ሁሉ፣ የነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የሚሠራውም፣ ወደብ ላይ ዕቃ የሚያወርደውም፣ እንደ እኔ ትምህርት ቤት የሚያስተምረውም፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ግንባራችንን ይዘን ነበር የምንውለው። ስለዚህ የሙቀት ራስ ምታት ምን እንደሚመስል ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ያን የግንቦት ጠዋት የመጣብኝ እሱ አልነበረም።

ሰሌዳው ላይ የማካፈል ሒሳብ እየጻፍኩ ሳለ ከማጅራቴ በላይ አንድ ነገር ፈነዳ። ሌላ ቃል የለኝም። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ማን እንደ መታኝ ለማየት ዞር አልኩ፤ ልጆቹ በየቦታቸው ተቀምጠው ያዩኛል እንጂ አጠገቤ ማንም የለም። እዚያው ፊታቸው አስታወከኝ። ከዚያ በኋላ ትዝ የሚለኝ ወለሉ ላይ ተኝቼ ያየሁት የመምህራኑ ጫማ ብቻ ነው።

ባለቤቴ ማጣሪያው ውስጥ ኦፕሬተር ነበር። ከሥራው ጠርተውት በታክሲ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ ነጭ ቁምጣና እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ነጭ ካልሲ የሚለብስ፣ ከተማው ሁሉ የሚያከብረው ሰው ነው። የልብ ምቴን አዳመጠ፣ ምላሴን አየ። አንገቴ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ ብሎኛል። ይህንኑ ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ አስቆመኝና ወደ ባሌ ዞረ።

«ሙቀት ነው» አለው። «ነርቭም አለባት። ልጅ አላችሁ?»

«ገና ነን፣ ዶክተር።»

«አየህ፣ እሱ ነው። ስትወልድ ይለቃታል።»

እኔ አልጋው ላይ፣ በመካከላቸው ተጋድሜያለሁ። ስለፈነዳው ነገር አንድም ጥያቄ የጠየቀኝ የለም፤ ስለ ማህፀኔ ግን ሁለት ወንዶች በላዬ ላይ ቆመው ተነጋገሩ። አስፕሪንና የሚያስተኛ ኪኒን ተሰጠኝ። ባሌ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሐኪሙን ሲጨብጠው የተጨባበጡትን እጆች መንከስ አማረኝ። የትኛውን እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት መስኮት ዘግቼ፣ ቬንትሌተሩ እየጮኸብኝ ተኝቼ አሳለፍኳቸው። ብርሃን ሲያዩ ዓይኖቼ ይወጋሉ። ጎረቤቶቻችን በካምቦው፣ በሠራተኞቹ መኖሪያ፣ ስስ ግድግዳ በኩል «ተሻላት?» እያሉ ሲጠያየቁ እሰማለሁ። ከሳምንት በላይ እንዲሁ ከቆየሁ በኋላ ባሌ ሻይ ይዞልኝ ገባና ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ደርቆ ቀረ።

«ዓይንሽ ምን ሆነ?»

መስተዋት አምጣ አልኩት። የቀኝ ዓይኔ ቆብ ሙሉ በሙሉ ወድቋል። በጣቴ ወደ ላይ ብገፋው ብሌኑ ወደ ውጭ ሸሽቶ፣ ጥቁሩ መሃል ሰፍቶ ሌላ ሰው የሚያየኝ መሰለኝ። ተመልሰን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ቆቡን ገልጦ አየና የዓይን ቅባት አዘዘ። ከዚያም ባሌን ወደ በሩ ወሰድ አድርጎ፣ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ፣ «አንዳንድ ሴቶች ባል እንዲያያቸው ሲፈልጉ ሳያውቁት እንዲህ ይሆናሉ፤ ታገሣት» አለው።

ቤት ስንደርስ ቅባቱን ወረወርኩት።

«አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

«ዶክተሩ እኮ አያሠጋም ብሏል።»

«ዶክተሩን መቼ አመመው! እኔን ነው ያመመኝ። ትወስደኛለህ ወይስ ብቻዬን ልሂድ?»

ወሰደኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ፊት ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ስማችን እንደተሰረዘ ተነገረን። አንድ ባለሥልጣን ወደብ ሊጎበኙ መጥተው ከነእንግዶቻቸው እየተመለሱ ነው። ባሌ ኮፍያውን አውልቆ የአየር መንገዱን ጸሐፊ ለመነ። «ታማለች፣ እስኪ ዓይኗን እይልኝ።» ጸሐፊው ቀና ብሎ አላየም። እኔ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በአንድ ዓይኔ የማየው የክቡርነታቸውን ዕቃ ነበር። ከወደብ የተገዙ፣ ገና ከካርቶናቸው ያልወጡ ቬንትሌተሮች አንድ በአንድ ወደ አውሮፕላኑ ይገባሉ። ለቬንትሌተር ቦታ ተገኝቶ ለእኔ ጠፋ! አዲስ አበባ ደግሞ ብርድ ነው። እስከዛሬ ድረስ እነዚያ ሰዎች በዚያ ብርድ ቬንትሌተር ምን እንዳደረጉበት ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ በሚቀጥለው በረራ ሄድን።

አዲስ አበባ ያየኝ የነርቭ ሐኪም ውጭ አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ነበር። አጭር፣ ጸጉሩ ያልተበጠረ፣ ካፖርቱ ላይ ቀለም የፈሰሰበት። ባሌ እንደ ልማዱ ስለ እኔ መናገር ሲጀምር «ይቆዩኝ» አለውና ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

«እርስዎ ይንገሩኝ። ራስ ምታቱ ቀስ እያለ ነው ወይስ በአንድ ጊዜ የጀመረዎት?»

ያን ጥያቄ ስሰማ አለቀስኩ። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም፤ የተጠየቅኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሁሉንም ነገርኩት። በባትሪ ሁለቱንም ዓይኖቼን አየ፣ አገጬን ወደ ደረቴ ሊያስጠጋ ሞከረ።

«ይህን ዓይን ከእኔ በፊት ያየ ሐኪም አለ?»

«አለ።»

«ምን አለ?»

«‹ልጅ ስላልወለደች ነው፣ ባሏ እንዲያያት ነው› አለ» አልኩት።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። በእኔ ምትክ የተቆጣ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ! «ከአሁን ጀምሮ ከአልጋ አይነሡም» አለኝ። «ለሽንትም ቢሆን።»

ከወገቤ አጥንት መሃል በመርፌ ውሃ ቀዱልኝ። ውሃ መምሰል የነበረበት ነገር ቢጫ ሆኖ ወጣ፤ አሮጌ ደም ነው አለኝ ሐኪሙ። በማግስቱ አንገቴ ላይ ያለውን ትልቅ የደም ሥር ወግተው ፈሳሽ ሲረጩበት ግማሽ ፊቴ እሳት የበላው ያህል ነደደ፤ እየነደደም ራጅ አነሡኝ። ሥራውን ሲጨርሱ ሐኪሙ ፊልሙን መስኮቱ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ከዓይኔ በስተኋላ የሚያልፈው የደም ሥር አንድ ቦታ ላይ ግድግዳው ሳስቶ፣ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሲደክም እንደሚያብጠው አብጦ ወጥቷል። እብጠቱ የዓይኔን ነርቭ ተጭኖታል። ሰሌዳው ፊት የፈነዳውም እሱ ነበር፤ ጥቂት ደም አፍስሶ ራሱን ደፈነ።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አንዲት የገጠር ሴት ነበረች። እሷም ምንጭ ላይ ማሰሮ እንዳዘለች መብረቅ የመታት መስሏት ወድቃ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ «ነርቭ ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እንደገና ስትወድቅ ነው ያመጧት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እያወራችኝ ሳለ ቃሏን ሳትጨርስ ዝም አለች። ሲሮጡ መጡ፣ መጋረጃ ጋረዱ፣ አልሆነም። ነርሷ አንሶላውን እያጠፈች «ምን ይደረግ፣ ዘግይታ መጣች» አለች።

«አልዘገየችም» ብዬ ጮኽኩባት። «አዘገዩዋት!»

ነርሷ ምንም አላጠፋችም። ግን ሌላ የምጮኽበት ሰው እዚያ አልነበረም።

ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው ረጅም፣ ሽማግሌ የውጭ አገር ሰው ነበር። በረንዳ ላይ ባሌን አቁሞ፣ ነርሷ እያስተረጎመች፣ ስለ ጭንቅላቴ ነገረው፤ ከዚያ እንዲፈርም ወረቀት ዘረጋለት። በሩ ክፍት ነው። እንግሊዝኛ እንደማስተምር ማንም አልጠየቀም። ጭንቅላቴን እንዳላነሣ ታዝዣለሁና ከተኛሁበት በእንግሊዝኛ «ጭንቅላቱ የእኔ ነው፤ ለእኔ ይንገሩኝ» ብዬ ጮኽኩ።

ሽማግሌው ገባ። የነርቭ ሐኪሙ ከኋላው ተከትሎ «እሷን ይጠይቋት» አለው። ሽማግሌው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከቅሌ አጥንት ላይ ቁራጭ ከፍቶ፣ የእብጠቱን አንገት በትንሽ ብረት እንደሚቆነጥጠው በጣቶቹ አሳየኝ።

«በእጄ ላይ ልትሞቺ ትችያለሽ» አለኝ። «ካልነካሁት ደግሞ አንድ ቀን ይፈነዳል። ያኔ የምትተርፊ አይመስለኝም።»

ባሌ እግሬ ሥር ቆሞ ፊቱን በኮፍያው ሸፍኗል። እኔ ግን ከግንቦት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቴ ቅርጽ አገኘ። እውነቱን አውቆ መፍራት ሳያውቁ ከመፍራት ይሻላል። ፈረምኩ። ባሌም ፈረመ፤ የእኔ ብቻ አይበቃም ተባለ። እንደዚያ ነበር።

ጸጉሬን ላጩኝ። ስነቃ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበረ፤ ሽማግሌውም አጠገቤ ቆሞ ጣቶቹን አንሥቶ ስንት ናቸው ይለኛል። ቁጥሩን አውቄዋለሁ፤ ስሙ ግን አልመጣልኝም። ብዙ ቃላት ለሳምንታት ጠፍተውብኝ ነበር፤ «ማንኪያ» ለማለት «ጫማ» እል ነበር። ቀስ እያሉ ተመለሱ። የዓይኔ ቆብም ቀስ እያለ ተነሣ፤ እስከ ላይኛው አልደረሰም፣ ዛሬም ግማሽ ነው። የዚያን ሽማግሌ እጅ እባርካለሁ፤ በረንዳ ላይ ባደረገው ግን አሁንም ይከፋኛል። ሁለቱ አይጣሉብኝም።

አሰብ ከተመለስን በኋላ በሻሽ ተሸፍኜ አንድ የወሎ ነጋዴ ሱቅ ስኳር ስገዛ ሐኪሙ ገባ። ነጭ ካልሲው እንደ ወትሮው ነው።

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» አለኝ። «ይሻልሻል ብዬ አልነበር?»

ሻሼን ፈታሁና ጠባሳውን በሰው ሁሉ ፊት አሳየሁት። «ይህ ነው ነርቩ» አልኩት። «በመጋዝ ከፍተው ነው ያገኙት። እርስዎ ቅባት አዘውለት ነበር።»

ባለ ሱቁ ስኳር መመዘኑን አቆመ። ሐኪሙ ግን አልደነገጠም። «እህቴ፣ በዚህ ሙቀት ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል። የትኛውን ከየትኛው ልለይ?» አለና ሲጋራውን ገዝቶ ወጣ።

«አንገታቸውን አጥፎ በማየት!» ብዬ ተከትዬ ጮኽኩ። የሰማኝ አይመስለኝም።

በተከታዩ ዓመት ዕድገት አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። በግ ታርዶ ትልቅ የስንብት ግብዣ ተደረገለት። እኛም ተጠራን። እኔ አልሄድም አልኩ። ባሌ ጥቂት ሲቁነጠነጥ ቆየና ልብሱን ለበሰ።

«አንተ ትሄዳለህ?»

«ይሉኝታ አለ እኮ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። «ምን ይሉናል?»

የእኔ ቅል ተከፍቶ የእሱ ይሉኝታ ግን አልተነካም። ሄደ። በልቶ፣ ጠጥቶ ተመለሰና ግብዣው ጥሩ እንደነበር ነገረኝ። ለሁለት ሳምንት አላናገርኩትም፤ በሦስተኛው ራሱ መጥቶ «መሄድ አልነበረብኝም» አለ። እውነት ብለሃል አልኩትና እራት አቀረብኩ።