የጳጉሜን ስድስት እንቁጣጣሽ

ድመት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የማወራውን ሰምቶ ማንም እንዳያማኝ ነው።

ሳዑዲ አገር፣ ሱወይዲ በሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት መኝታ ክፍልና ጠባብ ሳሎን ያላትን ቤት ከጓደኛዬ ጋር ስንጋራ ሰባት ዓመት ሆኖን ነበር። እሷ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ታጸዳለች፤ እኔ የሴቶች ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ድመቷን ያመጣቻት እሷ ናት። አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ከሕንፃችን በር አጠገብ፣ ከቆሻሻ ገንዳው ሥር አግኝታት በሻርፗ ጠቅልላ ይዛት ገባች። «ለሁለት ቀን ብቻ ናት» አለችኝ። ሁለቱ ቀን አራት ዓመት ሆነ።

ጓደኛዬ ድመቷን የምታናግራት በዐረብኛ ነበር። «የሳዑዲ ድመት አማርኛ ከየት ታውቃለች?» ትለኝ ነበር፣ ከምሯ። እኔ ግን የምቆጣት በአማርኛ ነው፤ ደግሞም ደህና አድርጎ ይገባታል። የመኖሪያ ፈቃዳችን የሚታደስበት ጊዜ በደረሰ ቁጥር ሁለታችን እንቅልፍ ስናጣ እሷ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ታንኮራፋለች። «ያለ ኢቃማ በሰላም የምትኖር እሷ ብቻ ናት» እያልን እንስቃለን።

መዝናኛችን አንድ ቴሌቪዥን ነበር። ዐርብ ዐርብ መጋረጃውን ዘግተን፣ ማቀዝቀዣውን ከፍተን እንቀመጥና በሪሞቱ እንጣላለን። ጓደኛዬ ወደ ዐረብኛ የተመለሱ ተከታታይ ድራማዎች ነፍሷ ናቸው። ተዋናይዋ ገና ሳታለቅስ እሷ ታለቅሳለች፤ ከዚያ የባልየውን ክፋት ለእኔ ታስረዳለች፣ እኔ አብሬያት እንዳላየሁ። እኔ የምወደው የዱር እንስሳት ነው። በዚህ ድመቷ ከእኔ ጋር ነች። ወፍ በስክሪኑ ላይ በርሮ ሲጠፋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞራ ትፈልገዋለች። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ወፍ አላገኘችም፤ መፈለጉን ግን አልተወችም። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ።

ከዚያ ጓደኛዬ ጠቅልላ ልትገባ ወሰነች። ጉልበቷ አላሠራ ብሏት ነበር፣ እናቷም አርጅተዋል። ከፊሏ፣ ማለትም አሠሪና ዋሷ፣ ደግ ሰው ነው፤ የመጨረሻ መውጫ ወረቀቷን ሳያንገላታ ጨረሰላት። «እንቁጣጣሽን ካንቺ ጋር ውዬ በማግስቱ ልብረር» አለችኝ። ቀኑን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። መስከረም አንድ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር አስራ አንድ ነው፣ ስለዚህ የአስራ ሁለት ጠዋት ትኬት አልኩና አስቆረጥኩላት።

የቀረው የድመቷ ነገር ነበር። «አንቺ ጋ ትቅር» አለችኝ። እምቢ አልኩ። ከሳምንት በኋላ ደግማ ጠየቀችኝ፤ አሁንም እምቢ አልኩ። ሌላ የሚወስዳት ሰው ፈልጋ አጣች፤ ነሲም ሰፈር ያለችው የአክስቷ ልጅ እንኳ የምትኖረው በአሠሪዎቿ ቤት ስለሆነ ድመት ማስገባት አትችልም። እኔ ካልወሰድኳት ወደ መጣችበት የቆሻሻ ገንዳ መመለሷ ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ እምቢ አልኩ። ጠጉሯ ጨርቅ ላይ ይራገፋል፣ ምናምን አልኩ። እውነቱ ሌላ ነው። ድመት አስራ አምስት ዓመት ትኖራለች ሲባል ሰምቻለሁ። ድመት ያለው ሰው ቤት አለው፤ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ነዋሪ ነው። እኔ ነዋሪ አይደለሁም። በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲመጣ ለእናቴ እየደወልኩ «ለሚመጣው ዓመት እመጣለሁ» እላታለሁ። ዘጠኝ ጊዜ ብያታለሁ። ስናገረው ሁልጊዜ አምነው ነበር።

በሴፕቴምበር አስራ አንድ ጠዋት ዶሮው ደርሶ፣ ሁለታችንም የአገር ልብስ ለብሰን፣ እንኳን አደረሰሽ ተባብለን ተሳስመን ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጥን። ድመቷም አንገቷ ላይ ቢጫ ሪባን ታስሮላታል፤ የእኔ ሥራ አይደለም። የአገራችንን ጣቢያ ስንከፍት አበባየሆሽ ይዘፈናል ብለን ስንጠብቅ፣ ማይክ የያዘ ጋዜጠኛ በግ ተራ መሃል ቆሞ አንዱን ሸማች «ለነገው በዓል ዝግጅት ገበያው እንዴት ነው?» ይለዋል።

«የትናንቱን እየደገሙት ነው» አልኩ።

ጓደኛዬ የዶሮውን እግር እንደያዘች ቀረች። ከታች በሚያልፈው ጽሑፍ ላይ ቀኑ ተጽፏል፤ ጳጉሜን ስድስት። ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን፣ አዲሱ ዓመትም በአስራ ሁለት እንደሚገባ አገር ቤት ሕፃን ልጅ ያውቃል። እኔ በስልክ የፈረንጅ ቀን ስቆጥር ኖሬ ረሳሁት።

«የተማረ ይግደለኝ ብዬ እኮ ነው አንቺን ያመንኩ!» አለችና በሳቅ ወደቀች። እኔም ሳቅኩ። የዓመቱን መጨረሻ ቀን በእንቁጣጣሽ ዶሮ የሸኘን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመና ፊቷ በራ። «ታዲያ ነገ እኮ ነው በዓሉ» አለች። «ማግስቱን እገባለሁ ብያቸው፣ እንግዳው ሁሉ ሳይበተን፣ በዕለቱ ልደርስ ነው! እናቴ በበዓል ቀን በር ላይ ልታየኝ!» አቅፋ ሳመችኝ። ቀናሁ። እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። የእኔ ስህተት ለእሷ ሰርግና ምላሽ ሆነላት፤ ለእኔ ግን አብረን እንውላለን ያልነው በዓል ሳይውል ቀረ።

ድመቷ ጭኗ ላይ ነበረች። «እህቴ» አለችኝ ለሦስተኛ ጊዜ፣ «ያዣት።»

«እኔም ልሄድ ነው አላልኩሽም?» ብዬ ጮህኩባት።

«መቼ?»

ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን ጨመርኩ። እሷም ሌላ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲው መጣ። የፊት ወንበር ሳይቀር ሻንጣ ስለሞላው እኔ መቀመጫ አጥቼ የተሰናበትኳት ደጅ ላይ ነው። ዓይኗን ከዓይኔ ሳታሸሽ «ለድመቷ በሩን ክፍት ተይላት፤ እሷ ራሷ ትወጣለች» አለችኝ። «ኢንሻአላህ አንድ መልካም ሰው አይጠፋም።» ከዚያ ተቃቀፍን፤ ከእሷ ይልቅ እኔ አለቀስኩ።

ወደ ላይ ወጥቼ እንዳለችው በሩን ክፍት ተውኩት። የጠዋቱ ሙቀት ከደረጃው ወደ ቤት ገባ። ድመቷ መጥታ ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ ወደ ውጭ፣ ጅራቷ ወደ ውስጥ። አምስት ደቂቃ ቆየች፣ አስር ደቂቃ ቆየች። የማቀዝቀዣው ብርድ እያለቀ ነው። ተናደድኩ። «አንቺ! ወይ ውጪ ወይ ግቢ! ዕድሜ ልክሽን እዚያ ልትቀመጪ ነው?» አልኳት፤ ለማን እንደተናገርኩት ከአፌ እንደወጣ ገባኝ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ በጣም አለቀስኩ። ስጨርስ በእግሬ ገፋ አድርጌ አስገባኋትና በሩን ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ በቪዲዮ ደወለች። ከኋላዋ ሰው ሞልቶ ይንጫጫል፤ እናቷ ትከሻዋን ይዘው አይለቁም፣ እንዳትጠፋባቸው። ትንሽ ከሳቅን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወጣች?» አለችኝ። ስልኩን አዙሬ አሳየኋት። ድመቷ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ናት።

እልል አለች። ለእናቷ ነገሩን ስታስረዳ ሰማኋት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ «እንግዲህ ለከርሞ ስትመጪ ምን ልታደርጊያት ነው?» አለች።

«አልመጣም» አልኩ። «ለከርሞም አልመጣም እህቴ። ከዚያ በኋላ ያለውንም አላውቅም። የምኖረው እዚህ ነው።»

ስልኩን ይዛ ከጫጫታው ራቅ አለች። «ለእናትሽ ነግረሻታል?» አለችኝ።

«ዛሬ እነግራታለሁ» አልኩና ዘጋሁ። ፊቴን ታጥቤ፣ የአገር ልብሴን ደግሜ ለብሼ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ደወልኩ። እናቴ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።